ለወፍና ለንብ የሚሆን ችግኝ የገዛሁበት መሸጫ

ካቻምና ክረምት መግቢያ ላይ፣ ከእንጦጦ ግርጌ በመንገድ ዳር ወደሚገኝ አንድ የችግኝ መሸጫ ሦስት ጊዜ ተመላልሼ፣ ለግቢዬ አጥር የሚሆኑ 14 የሀገር በቀል ችግኞችን ገዝቻለሁ። አሁን ዓመት ከመንፈቅ ስለሞላቸው አስተያየት ለመስጠት ጊዜው የደረሰ ይመስለኛል።

መሸጫውን ከሌሎች የሚለየው፣ በዚያ የሚሠሩ ሰዎች ተክሉን ብቻ ሳይሆን ወደ ተክሉ የሚመጣውንም ፍጥረት ማወቃቸው ነው። የአጥር ተክል ስጠይቅ፣ በዕድሜ የገፉት አትክልተኛ «ልጄ፣ ለዓይን ነው ወይስ ለወፍ?» ብለው ከጠየቁኝ በኋላ፣ ቀጋና ራስ ክምር እያፈራረቅሁ እንድተክል መከሩኝ። የቀጋ እሾህ ለጎጆ ከለላ፣ ፍሬው ደግሞ ለወፎች ምግብ ይሆናል፤ የራስ ክምር ብርቱካናማ አበባ ግን ጠባብና ረጅም ስለሆነ ወለላው የሚመቸው ቀጭንና ጥምዝ ምንቃር ላለው ወፍ ነው። ዘንድሮ በመስከረም አበባው ሲፈነዳ፣ በተከዜ ወንዝ ስም የሚጠራው፣ ወንዱ ፀሐይ ሲያርፍበት ወይን ጠጅ የሚያንጸባርቀው ትንሽ ወፍ ጠዋት ጠዋት ይመጣ ጀመር፤ ይህን በራሴ ግቢ በማየቴ እጅግ ደስ ብሎኛል።

ግራዋው ከሁሉም ፈጥኖ አድጓል። ጽዱ ግን ገና ከጉልበቴ አላለፈም፤ ብዙውን ጊዜ ወንዴና ሴቴው በተለያየ ዛፍ ላይ ስለሚሆኑ፣ ፍሬ እንዳላጣ ሦስት እንድወስድ የመከሩኝም እኚሁ አዛውንት ናቸው። በኢትዮጵያና በኤርትራ ብቻ የሚገኘው ባለ ጥቁር ክንፍ በቀቀን ያንን ፍሬ ይወዳል።

ቅሬታዬ አንድ ቢሆንም ቀላል አይደለም። በመሸጫው መግቢያ ላይ የወፍ ቆሎ የሚባለው ቁጥቋጦ (ላንታና) ችግኝ ተደርድሮ «ለወፍ ወዳጆች» እየተባለ ይሸጣል። ወፎች ፍሬውን መብላታቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን ተክሉ ከሞቃታማው የአሜሪካ ክፍል የመጣ መጤ ሲሆን፣ ዘሩን ወፎቹ ራሳቸው በየግጦሹና በየጫካው ዳር ስለሚበትኑት የሀገሩን ቁጥቋጦ አፍኖ ያስቀራል፤ ቅጠሉን የበላ ከብትም ይመረዛል። ይህንን ለባለቤቱ በአክብሮት ብገልጽም፣ ያገኘሁት መልስ ገዢ ይፈልገዋል የሚል ብቻ ነበር፤ በሦስተኛው ጉዞዬም እዚያው ነበር።

በችግኞቹ ላይ ስም ስለማይጻፍ፣ ወደዚያ የሚሄድ ሰው አዛውንቱ በሚገኙበት በጠዋቱ ሰዓት ቢሄድ ይሻለዋል።