ሞሪሶ ወይስ ካሳት፦ በማን እንጀምር?

የኢምፕሬሽኒስት ቡድን (በ19ኛው ክፍለ ዘመን በፈረንሳይ የተነሣ፣ ቅጽበታዊ ብርሃንን በፈጣን ብሩሽ የሚሥል የሠዓልያን ስብስብ) ሴት ሠዓልያንን ማወቅ የሚሻ ሰው ከፈረንሳዊቷ በርት ሞሪሶ ወይስ ከአሜሪካዊቷ ሜሪ ካሳት ልጀምር ብሎ ማመንታቱ አይቀርም። ሁለቱም፣ የፓሪስ ካፌዎች ለጨዋ ቤተሰብ ሴት የማይመቹ ስለነበሩ፣ በብዛት የሣሉት ሳሎኑን፣ የአትክልት ስፍራውንና የልጆችን ክፍል ነው።

ሞሪሶ በ1874 እ.ኤ.አ. በቡድኑ የመጀመሪያ ዐውደ ርእይ ያቀረበችው የሕፃን አልጋ ሥዕል እኅቷን ኤድማን በስስ መጋረጃ ሥር የተኛች ልጇን ስትመለከት ያሳያል። ኤድማም ሠዓሊ ነበረች፤ ሥራውን የተወችው ስታገባ ነው። ይህን ላወቀ ሰው የፊቷ ዝምታ የእናትነት ደስታ ብቻ ሆኖ አይታየውም።

ካሳት ከ1879 ጀምሮ ከቡድኑ ጋር አሳይታለች። በ1893 የሣለችው «የልጅ እጥበት» የተሰኘ ሥዕል ከላይ ወደ ታች የሚመለከት፣ መስመሩ የጠነከረ፣ የጃፓን የእንጨት ኅትመት ተጽዕኖ የሚታይበት ነው።

ፈጣን ብሩሽና ብርሃን ለሚማርከው ሞሪሶ፣ የቅርጽ ጥንካሬ ለሚሻ ካሳት ትቀድማለች፤ የመጀመሪያው ሥዕል በፓሪስ ኦርሴ ሙዚየም፣ ሁለተኛው በቺካጎ የሥነ ጥበብ ተቋም ይገኛል።