ለድምፅ ጥሪ የቱ ይሻላል? ፋይበር፣ የመዳብ መስመር እና ባለ ሲም ራውተር በሀዋሳ

ሀዋሳ ላይ ኢንተርኔት ሊያስገባ የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ሜጋ ነው?» ብሎ ነው። ፊልም ለሚያወርድ ጥያቄው ትክክል ነው። ውጭ አገር ካለ ቤተሰብ ጋር በዋትስአፕ ለሚያወራ ወይም የኢንተርኔት ስልክ ለሚጠቀም ቢሮ ግን ሜጋው ከሁሉ ያነሰው ጉዳይ ነው።

ጂ.711 በሚባለው ኮዴክ (ድምፅን ወደ ዲጂታል መረጃ የሚቀይር ዘዴ) የሚሄድ ጥሪ በእያንዳንዱ አቅጣጫ 80 ኪሎ ቢት በሰከንድ ገደማ ይወስዳል። አንድ ሰዓት ሙሉ ቢወራ እንኳ የተላከውና የተቀበሉት ተደምሮ 72 ሜጋ ባይት አካባቢ ነው። ታዲያ የ20 ሜጋ መስመር ላይ ድምፅ ለምን ይቆራረጣል? ድምፁ በየ20 ሚሊ ሰከንዱ ተቆርሶ፣ በሰከንድ 50 ፓኬት (ትንንሽ የመረጃ ጥቅል) ሆኖ ስለሚጓዝ ነው። ፋይል ሲወርድ የጠፋ ፓኬት ተደግሞ ይላካል፤ በጥሪ ላይ ግን ዘግይቶ የመጣ ድምፅ ስለማይጠቅም ይጣላል። ስለዚህ የሚለኩት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ የአንድ አቅጣጫ መዘግየት ከ150 ሚሊ ሰከንድ፣ የመዘግየቱ መዋዠቅ ከ30 ሚሊ ሰከንድ፣ የሚጠፋው ፓኬት ከ1 በመቶ ባይበልጥ ጥሩ ነው። አሜሪካ ለሚደውል ሰው ርቀቱ ብቻውን፣ በፋይበር እንኳ፣ 60 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይበላል። የቤቱ መስመር የሚያባክነው ብዙ ትርፍ የለም።

ፋይበር ሰፈርዎ ከደረሰ ሌላ አይፈልጉ። መዘግየቱ አይዋዥቅም፣ መላኪያውም ሰፊ ነው። ጉድለቱ መብራት ሲጠፋ ነው፤ ቤት ውስጥ ያለው የፋይበር ሳጥን ይጠፋል፣ ጥሪውም አብሮ ይቋረጣል። አነስተኛ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚተካ ባትሪ) ሲገዙ ቮልቱ የሳጥኑ አዳፕተር ላይ ከተጻፈው ጋር መመሳሰሉን ያረጋግጡ፤ ብዙ ጊዜ 12 ቮልት ነው። ገመዱን በበር ማጠፊያ ወይም በግድግዳ ማዕዘን አጥፈው አያሳልፉ፤ ብርሃኑ ይባክናል።

የመዳብ መስመር (ኤዲኤስኤል) የሚፈተነው በመላኪያው ነው። ማውረጃው ጥሩ ሆኖ መላኪያው 1 ሜጋ ቢት ወይም ከዚያ በታች መሆኑ የተለመደ ነው። የአንድ ልጅ ስልክ ፎቶ ወደ ክላውድ መጫን ሲጀምር መላኪያው ይሞላል፣ የድምፁ ፓኬትም ከኋላ ተሰልፎ ይጠብቃል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ እርስዎ ሰውየውን ጥርት አድርገው ይሰሙታል፣ እሱ ግን «ድምፅህ ተቆራረጠ» ይላል። ዝናብ ሲዘንብ የሚብስ ከሆነ ደግሞ መጋጠሚያው ላይ እርጥበት ገብቶ ሊሆን ስለሚችል ሞደም መቀየር አይፈውሰውም። መደበኛ ስልክም በዚያው መስመር ካለ ስፕሊተሩ (የስልኩንና የኢንተርኔቱን ምልክት የሚለየው ትንሽ ሳጥን) መገጠሙን ይዩ።

ባለ ሲም የ4ጂ ራውተር በአንድ ቀን ሥራ ይጀምራል፣ ባትሪ ያለውም መብራት ሲጠፋ ይቀጥላል። ዋጋ የሚያስከፍለው መዋዠቁ ነው። አንቴናውን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ይጋራዋል፣ ማታ ሰው ሲበዛም ተራ ይጠብቃል። በታቦር ተራራ ከማማው የተጋረደ ቤት ምልክቱ ይደክማል። ራውተሩን ፎቅ ላይ፣ ማማው ባለበት በኩል ካለ መስኮት አጠገብ ያስቀምጡት። የምልክት ጥንካሬው (RSRP የሚባለው፣ በዲቢኤም የሚለካው) ከ−90 የተሻለ ከሆነ መልካም ነው፤ ከ−110 በታች ከወረደ አይግዙ። የኢትዮ ቴሌኮምን ሲምና የሳፋሪኮምን ሲም በየተራ ስልክ ውስጥ ከትተው፣ ራውተሩ በሚቀመጥበት ቦታ ላይ ከምሽቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ይደውሉበት። ጠዋት የተደረገ ሙከራ ብዙ አይነግርም።

የትኛውንም ቢመርጡ ኮምፒውተሩን በኬብል ያገናኙ፤ ካልሆነም ከ2.4 ይልቅ የ5 ጊጋ ኸርዝ ዋይፋዩን ይጠቀሙ። ከዚያ 8.8.8.8 የተባለውን የጉግል አድራሻ 100 ጊዜ ፒንግ ያድርጉ (አጭር መልእክት ልኮ መልሱ የሚመጣበትን ጊዜ መለካት ነው)፣ መጀመሪያ መስመሩ ነፃ ሆኖ፣ ቀጥሎ ከባድ ቪዲዮ እየላኩ። በሁለተኛው ጊዜ መዘግየቱ ከ40 ወደ 600 ሚሊ ሰከንድ ከዘለለ ችግሩ ወረፋው ነው። ትልቅ ፓኬጅ ከመግዛትዎ በፊት ራውተሩ ላይ የመላኪያ ገደቡን ከተለካው የመላኪያ ፍጥነት 85 በመቶ ላይ ያድርጉትና እንደገና ይደውሉ።