ደረት ላይ የሚሰካው ማይክሮፎን፦ ታማ ቤት ለቀረች ተማሪ ምን ያህል ይጠቅማል?

ደሴ ፒያሳ የስልክ ዕቃ በሚሸጡ ሱቆች መስታወት ውስጥ አሁን አሁን የማይጠፋ ዕቃ አለ፤ ደረት ላይ የሚሰካ ገመድ አልባ ማይክሮፎን። አብዛኛውን ጊዜ የሚገዙት ቲክቶክ የሚሠሩ ወጣቶች ናቸው። እኔ የገዛሁት ግን ለአምስተኛ ክፍል መምህርት ነው። ሻጩ የጠራውን ዋጋ ተከራክሬ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ብር ላይ ተስማማን። ከመንፈቅ በላይ ስለተገለገልንበት፣ እንደ እኔ የታመመ ልጅ ቤት ያለው ወላጅ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ማወቅ ያለበትን ልንገረው።

ልጄ ኔፍሮቲክ ሲንድሮም የሚባል የኩላሊት ሕመም አለባት። ኩላሊቷ ሰውነቷ የሚፈልገውን ፕሮቲን በሽንት ያፈሰዋል፤ ፊቷና እግሯም ያብጣል። ሲያገረሽባት የምትወስደው ፕሬድኒሶሎን ደግሞ በሽታ የመከላከል አቅሟን ያዳክመዋል። ስለዚህ ሐኪሟ ሰው ከሚበዛበት ቦታ እንድትርቅ አዘዙ። በደሴ ብርድ መስኮት ተዘግቶ፣ ልጆች ተጠጋግተው እየተቀባበሉ የሚያስሉበት ክፍል ከዚያ ትእዛዝ ውጭ ሊሆን አይችልም።

መምህርቷ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ሲዘጋ በቴሌግራም ታስተምር ስለነበር ነገሩ አዲስ አልሆነባትም። አንድ አሮጌ ስልክ ፊተኛው ዴስክ ላይ በማቆሚያ ቆመ፤ ልጄም በቴሌግራም የቡድን ጥሪ ከቤት መግባት ጀመረች። ሰሌዳው በደንብ ይታያል። ድምፁ ግን የሚሰማ አልነበረም። ስልኩ አጠገቡ የተቀመጠውን ልጅ እርሳስ ሲቀርጽ አጉልቶ ያሰማና መምህርቷ ፊቷን ወደ ሰሌዳው ስታዞር ማጉረምረም ብቻ ይሆናል። ሥዕል ጠፍቶ ድምፅ ቢኖር ትምህርት ይቀጥላል፤ ድምፅ ከሌለ ግን ሰሌዳውን አፍጥጦ ማየት ምንም አይፈይድም። የስልክ ካሜራ ለመለወጥ የምታስቡ ካላችሁ ገንዘቡን ድምፁ ላይ አውሉት የምለው ለዚህ ነው። ሥዕሉን ዘግቶ ድምፁን ብቻ መስማት ዳታም ይቆጥባል።

ማይክሮፎኑ ሁለት ክፍል አለው፤ አንዱ ልብስ ላይ ይቆነጥጣል፣ ሌላው ስልኩ ቻርጅ በሚደረግበት ቀዳዳ ይሰካል። የሚጫን መተግበሪያ የለም። በመጀመሪያው ቀን ልጄ የሂሳብ ትምህርቱን አንድም ቃል ሳያመልጣት ሰማች። የሰማችው ሌላ ነገርም ነበር፤ መምህርቷ ለብርዱ የምትደርበው ሻርፕ ማይክሮፎኑን እየታከከ ካርቶን የሚቀደድ ይመስል ያንኮሻኩሽ ነበር። ልብስ ሰፊ መሆኔ እዚህ ላይ ጠቀመኝ። ከነጭ ጋዋኗ ኮሌታ አንድ ስንዝር ዝቅ ብዬ፣ ሻርፑ በማይደርስበት በኩል ትንሽ ማንገቻ ሰፋሁላት። እንደ ሌላው የሚሰፋ ነገር ጠንካራ ጨርቅ አይመረጥም፤ ለስላሳው ድምፅ አያወጣም።

ዋናው ጉድለቱ ሻጩ ያልነገረኝ ነው። መቀበያው ሲሰካ ስልኩ የጆሮ ማዳመጫ የተሰካ ይመስለዋል፤ ቢያንስ የእኛ ስልክ እንደዚያ ነው። ልጄ ከቤት ትመልሳለች፣ ክፍሉ ውስጥ ግን ድምጿ አይወጣም። መፍትሔ ያደረግነው የመምህርቷን ስልክ እዚያው ጥሪ ላይ ማስገባት፣ የዚያን ስልክ የራሱን ማይክሮፎን መዝጋትና ድምፁን ከፍ ማድረግ ነው። ፊት ለፊት ሲቀመጥ ልጄ የራሷን ድምፅ መልሳ ትሰማለች፤ ስለዚህ ወደ መጨረሻው ዴስክ ተወሰደ። አሁን እሷ ስትመልስ ክፍሉ በሙሉ ወደ ኋላ ይዞራል። ሌላው ችግር መቀበያው የቻርጅ ቀዳዳውን ስለሚይዝ ስልኩ ጠዋት ሞልቶ መውጣት አለበት፤ መብራት ባደረበት ቀን ይህ ቀላል ነው።

ድምፅ ማጣሪያ ቁልፉን ሻጩ አፉን ሞልቶ ነበር ያመሰገነው። እውነትም የዴስኩን ጩኸትና የውጭውን ባጃጅ ያጠፋል። ልጄ ግን በሳምንቱ «እማዬ፣ ክፍሉ ሬዲዮ ሆነብኝ» አለችኝ። ለካ ልጆቹ ሲስቁ የሚሰማውንም አብሮ አጥፍቶታል! አሁን ማጣሪያው ለሂሳብና ለአካባቢ ሳይንስ ብቻ ይበራል። በአማርኛ ክፍለ ጊዜ መምህርቷ ማይክሮፎኑን ከጋዋኗ ነቅላ ለሚያነበው ልጅ ትሰጠዋለች፣ አንብቦ ለቀጣዩ ያቀብላል። የልጄ ተራ ሲደርስ ደግሞ ወደ ኋላ ይዞራሉ።

ካርቶኑ ላይ ሃያ ሜትር ይደርሳል ይላል። ክፍል ውስጥ እውነት ነው፤ ግድግዳ ሲጋርደው ግን ይቆራረጣል። ይህም አንዳንዴ ይበጃል። መምህርቷ አንድ ቀን ሳታጠፋው ወደ መምህራን ማረፊያ ስትሄድ፣ ስለ ደመወዝ የተጀመረው ወሬ ሳያልቅ የተቋረጠልን በዚህ ምክንያት ነው። ከወጡ በኋላ ማጥፋትን የሚያስታውስ ሰው መመደብ ያስፈልጋል፤ የእኛን ሥራ ስልኩ አጠገብ የምትቀመጠው ልጅ ይዛዋለች። ልጄ ጥሪው ላይ ባለው ምልክት እጅ ስታወጣ በስክሪኑ አይታ ለመምህርቷ የምትናገረውም እሷ ናት።

ኖርዌይ ውስጥ ኖ አይሶሌሽን የሚባል ኩባንያ ለዚሁ ጉዳይ ኤቪ1 የተባለ ትንሽ ነጭ ሮቦት ሠርቷል። ዴስክ ላይ ይቀመጣል፤ ልጁ ከቤት ሆኖ አንገቱን ያዞረዋል፣ እጅ ማውጣት ሲፈልግ የሮቦቱ ጭንቅላት ላይ መብራት ያበራል። ለእኛ እጅ የሚያጥር ዕቃ ነው። አንድ ነገራቸው ግን ገባኝ፤ ልጁ ክፍሉን ያያል፣ ክፍሉ ልጁን አያየውም። ፕሬድኒሶሎን የልጄን ፊት እንደ ሙልሙል አሳብጦታል፤ እንዲያዩዋት አትፈልግም። እኛም የእሷን ካሜራ ዘግተነዋል፤ ማንም ለምን ብሎ አልጠየቀም።

የምትገዙ ከሆነ መቀበያው ለስልካችሁ ቀዳዳ መሆኑን እዩ፣ ሱቁ ውስጥ ቆማችሁም ለቤት ሰው በቴሌግራም ደውሉና የሚመልሰው በድምፅ ማጉያው ይሰማ እንደሆነ ሞክሩ። የሚቻላችሁ ባለ ሁለት ማይክሮፎኑን ውሰዱ፤ አንዱ ለመምህር፣ አንዱ ለተማሪዎቹ ይሆናል። የእኛ ባለ አንድ ስለሆነ መምህርቷ በአማርኛ ሰዓት ስትናገር አሁንም በግማሽ ነው የሚሰማው።