የቡና ማሽኔ የውኃ መግቢያ ፍሌክሲብል፦ ከሰኔ እስከ ዐቢይ ጾም

ፍርዱን አስቀድሜ ልናገርና ልገላገል፤ ዕቃው ጥሩ ነው። ሰኔ ላይ የተገጠመው፣ ላዩ ሽቦ የለበሰ፣ ውስጡ ለመጠጥ ውኃ የተሠራ ጎማ፣ ጫፉ ነሐስ የሆነው ፍሌክሲብል ይኸው ክረምቱን ተሻግሮ ዐቢይ ጾም ገብቷል፤ አንድ ጠብታ አላየሁበትም። ዋጋው ከተራው ከሁለት እጥፍ በላይ ነው፤ ያወጣሁበት ብር አይቆጨኝም። ግን ይህን አንብባችሁ ፍሌክሲብሉን ብቻ ገዝታችሁ በድሮው ቦታ ብትተኩት፣ የእኔን ያህል ይሰነብትላችኋል ብዬ አልምልም። የሚያንጠባጥበው ጎማው ነበር፤ ለዚህ ያበቁት ግን የሌሊቱ ግፊትና የመወልወያው ባልዲ ናቸው።

ካፌው አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ ነው። ማሽኑ ያገለገለ፣ ጣሊያን ሠራሽ፣ ባለሁለት ግሩፕ (ቡና የሚወርድበት ሁለት አፍ ያለው) ሲሆን ፓምፑ ከነሞተሩ ከባንኮኒው ሥር ለብቻው ተቀምጧል። ከከተማው መስመር የመጣው ውኃ በማጣሪያ ያልፍና ጨው ወደሚሞላበት ማለስለሻ (የውኃውን ኖራ የሚቀንስ ዕቃ) ይገባል፤ ከዚያ ወደ ፓምፑ፣ ከፓምፑ ወደ ማሽኑ። ከተማው ሲቋረጥ ጣሪያ ላይ ያለው ሮቶ ይተካዋል። ማሽንን እንዲህ በቀጥታ ከመስመር አያይዞ በኤሌክትሪክ ፓምፕ ማሠራት የጣሊያኑ ፋብሪካ ፋኤማ እ.ኤ.አ. በ1961 ኢ61 የተባለውን ማሽን ካወጣ ወዲህ የተስፋፋ አሠራር ነው፤ ከዚያ በፊት በነበሩት የእጀታ ማሽኖች ቡናው ላይ የሚያርፈው ግፊት ከስፕሪንጉና ከሠራተኛው ክንድ ነበር የሚመጣው። የምገመግመው ከማለስለሻው ወደ ፓምፑ የሚገባውን ጎማ ነው። ከፓምፑ ወደ ማሽኑ የሚሄደው 9 ባርና (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ከዚያም በላይ የሚሸከም ስለሆነ ሌላ ዓይነት ነው፤ አንዱን በሌላው ቦታ እንዳትገጥሙ።

የድሮው ጎማ ጠባይ ግራ ያጋባ ነበር። ጠዋት ሲከፈት ከባንኮኒው ሥር ውኃ ተኝቶ ይገኛል፤ ይወለወላል፤ ከዚያ እስከ ማታ ደረቅ። ባሬስታዋ ማቀዝቀዣውን ጠረጠረች፣ ማቀዝቀዣው ተጎትቶ ወጣ፣ ንጹሕ ነበር። ባለሙያ ቀን ላይ ጠርታችሁ «የታለ የሚያፈሰው?» ሲላችሁ የምታሳዩት የላችሁም። ማሽኑን የሸጠልን ሰው የላከው ቴክኒሻን ዳዶውን አጥብቆ፣ ቴፍሎን ጠቅልሎበት ሄደ፤ በማግስቱ ጠዋት ውኃው እንደገና ተኝቷል።

የሚያፈሰውን ቦታ ያገኘነው በሶፍት ነው። መጀመሪያ ብሬከሩን አጠፋን፤ ውኃው ያለው ከሞተሩ አጠገብ ስለነበር ይህ የሚዘለል ነገር አይደለም። ከዚያ ጎማውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አድርቀን በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ላይ አንዳንድ ቁራጭ ሶፍት ጠቀለልን፤ ዳዶው ላይ፣ ሽቦው ቆርቆሮ እጀታ ውስጥ በሚገባበት አንገት ላይ፣ መሐሉ ላይም። ማታ ውኃውን እንደተከፈተ ትተን ገባን። ጠዋት ዳዶዎቹ ላይ የነበረው ሶፍት እንደደረቀ ነው፤ አንገቱ ላይ ያለው ርሶ ተጣብቋል። አንገቱ በፋብሪካ ተጨምቆ የሚዘጋ ስለሆነ አይጠገንም። ቴፍሎኑ ምንም ያልፈየደው ለዚህ ነው። ዳዶው ላይም ቢሆን ቴፍሎን ሥራ የለውም፤ እዚያ ውኃውን የሚይዘው ውስጥ ያለችው ጠፍጣፋ ሮንዴላ ናት እንጂ ጥርሱ አይደለም። ከመነዳሪ ቆርጦ ጥፍር አድርጎ ማሰር የሚባለውን ዘዴም አውቀዋለሁ። ለአንድ ሌሊት ይሆናል።

ለምን ሌሊት ብቻ? ይህን የነገሩኝ አንድ የቧንቧ ሥራ ላይ ያረጁ ጋሼ ናቸው። ጎማውን እንኳ በቅጡ ሳያዩ «ልጄ፣ ማታ ከተማው ሲተኛ ውኃው የት ይሂድ?» አሉኝ። ከማጣሪያው በፊት የግፊት ጌጅ አስገጠሙ። ቀን፣ ሁሉም ቤት ቧንቧ በሚከፍትበት ሰዓት፣ መርፌው ከ2 ባር ብዙም አይዘልም። ጎህ ሳይቀድ ሄጄ ሳየው 6ን አልፏል። የማሽኑ መመሪያ ደግሞ መስመሩ ከ6 ባር በላይ ከሆነ ግፊት መቀነሻ ይገጠም ይላል። ማሽኑን በማብሪያው ብታጠፉት፣ ከሶኬት ብትነቅሉትም ይህ ጎማ ዕረፍት የለውም፤ ውኃ የሚያፈላው ቦይለር ሲቀዘቅዝ፣ ፓምፑ ሲቆም፣ እሱ የከተማውን ግፊት ተሸክሞ ያድራል። እንዲያውም ትልቁን ሸክም የሚሸከመው ማንም በሌለበት ሰዓት ነው።

ሮቶው ላይ ስንሆን ነገሩ ይገለበጣል። 10 ሜትር ከፍታ 1 ባር ገደማ ይሰጣል፤ የእኛ ሮቶ ከፓምፑ በላይ ቢበዛ 4 ሜትር ነው። ይህችው ግፊት በማጣሪያውና በማለስለሻው አልፋ ፓምፑ ጋ ስትደርስ ትሟጠጣለች፤ ፓምፑ ሲስብ ጎማው ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው አየር በታች ይወርዳል። ስለዚህ የተከፈተው አንገት ውኃ ከማፍሰስ ይልቅ አየር ይስባል። ምልክቱ የፓምፑ ድምፅ ነው፤ ያጉረመርማል፣ ቡናውም እየተቆራረጠ ይወርዳል። ውኃ በሚጠፋበት ቀን ፓምፓችሁ የሚጮህ ከሆነ ፓምፑን ከመክሰሳችሁ በፊት ጎማውን እዩት።

የድሮውን ስናወልቅ አንገቱ አካባቢ ያለው ሽቦ ቡናማ ነጠብጣብ አውጥቶ፣ ክሮቹ አንድ በአንድ ተበጥሰው ጣት የሚወጉ ሆነው ነበር። «የማይዝግ» የሚባለው ብረት ክሎራይድ አይወድም፤ ክሎሪን ያለበት ነገር ሲነካካው እየተሰነጠቀ ይበጠሳል፣ ጎማውን የሚይዘው ሽቦ ሲሄድ ደግሞ ጎማው ብቻውን ግፊቱን አይችለውም። ከእኛ ባንኮኒ ሥር ክሎራይድ ሞልቷል። ወለሉ በየማታው በበረኪና ይወለወላል፤ እርጥቡ መወልወያ የሚቀመጠው እዚያው ከጎማው ሥር ነበር። ማለስለሻው ጨው ሲሞላም ጨዋማ ውኃ ይፈስሳል። ለጽዳት ሠራተኛችን ነገሩን ሳስረዳቸው «ታዲያ ወለሉን በምን ላጽዳው?» አሉኝ፤ እውነታቸውን ነው። አሁን ባልዲውና መወልወያው ጓሮ ነው የሚያድሩት፣ ከባንኮኒው ሥር ያለው በሳሙና ውኃ ብቻ ይጸዳል፣ ጎማውም ከወለሉ ከፍ ብሎ ታስሯል።

ወደ ግዢው ልምጣ። አዳማ ውስጥ ያሉ የቧንቧ ዕቃ ሱቆች የሚሸጡት ፍሌክሲብል ለእጅ መታጠቢያና ለሽንት ቤት ተብሎ የመጣ፣ ጫፉ ግማሽ ኢንች የሆነ ነው። የጣሊያን ማሽንና ፓምፕ መግቢያ ብዙውን ጊዜ ሦስት ስምንተኛ ነው። ሱቅ ውስጥ «በመጠን መቀነሻ መጋጠሚያ እናስገባዋለን» ይሏችኋል፤ ይገባል፣ ግን እያንዳንዱ ተጨማሪ መጋጠሚያ ተጨማሪ ሮንዴላ ነው። ሌላው የውስጥ ስፋት ነው። ጎማውን እንደ መነጽር አንሥታችሁ ወደ ብርሃን ብታዩበት የተራው ቀዳዳ እርሳስ የማያሳልፍ ሆኖ ታገኙታላችሁ፤ ለእጅ መታጠቢያ ምንም አይደል፣ ፓምፕ ግን ውኃ ይጠማዋል። እኔ የገዛሁት ውስጡ 10 ሚሊ ሜትር ነው፤ በሰው ከአዲስ አበባ አስመጣሁት።

ሱቅ ውስጥ ለመለየት የረዱኝ ነገሮች አሉ። ዳዶውን የማይታይ ቦታ ላይ በቁልፍ ጫፍ ጫር አድርጉት፤ ቢጫ ከወጣ ነሐስ ነው፣ ግራጫ ከሆነ ርካሽ ቅይጥ ነውና ተዉት። ሽቦውን በነጭ ሶፍት አጥብቃችሁ ጥረጉት፤ ጥቁር ግራጫ ነገር ከለቀቀና ዕቃው በእጅ ከቀለለ አሉሚኒየም ሊሆን ይችላል። ማግኔት ይዞ መሄድ አያዋጣም፤ ጥሩውን የማይዝግ ብረት ማግኔት ብዙም አይስበውም፣ አሉሚኒየምንም አይስብም። ባለሱቁ ቅር ቢለው ይበለው።

አገጣጠሙ ቀላል ነው፤ ቦታው ጠባብ ስለሆነ ብቻ ወገብ ይቆርጣል። ጋሼ ሁለት ቁልፍ ይዘው ነበር፤ በአንዱ የፓምፑን መግቢያ ያዙ፣ በሌላው ዳዶውን አዞሩ። መግቢያውን ሳይዙ ማዞር ፓምፑ ላይ ያለውን መጋጠሚያ ያላላል፤ ማሽኑ ጋ ከሆነ ደግሞ ውስጥ ያለውን የመዳብ ቱቦ ይጠመዝዛል። በእጅ እስከሚጠብቅ፣ ከዚያ ሩብ ዙር በቁልፍ፤ ሮንዴላዋ እንዳትፈጭ ከዚያ አያልፉም። ፒንሳ አምጥቼ ላቀብላቸው ስል «ይኼን ለምስማር አቆየው» አሉኝ። ከጎማው ጋር የመጡት ሮንዴላዎች ደረቅ ፕላስቲክ ስለነበሩ አልወደዷቸውም፤ ውኃ ሲነካቸው በሚያብጡት በፋይበሮቹ ቀየሯቸው። እነዚያ አንዴ ከተፈቱ እንደገና አያገለግሉም፣ ስለዚህ ትርፍ መያዝ ደግ ነው። ባንኮኒው የተበሳበት ጠርዝ ስለታም ስለነበር ጠርዙን በቁመቱ የተሰነጠቀ ቁራጭ ጎማ አለበሱት።

በዚያው ቀን ግፊት መቀነሻም ከማጣሪያው በፊት ገባ፤ 2 ባር ላይ አስተካከሉት። ከጠበቅኩት በላይ የጠቀመኝ እሱ ነው፣ እንዲያውም በቡናው ጣዕም በኩል። የእኛ ዓይነት ፓምፕ የሚሰጠው ግፊት ከሚቀበለው ጋር ይወጣና ይወርዳል፤ መስመሩ በ3 ባር ሲጨምር ግሩፑ ጋ የሚደርሰውም በዚያው ልክ ይጨምራል። ባሬስታዋ «የጠዋቱ ቡና ሮጠ፣ ቶሎ ወረደ፣ ወፍጮውን ላጥብቀው» ስትለኝ የኖረችው የቡናው ጥፋት አልነበረም። አሁን ወፍጮውን የምትነካው ቡናው ሲቀየር ነው። ሮቶው ላይ ስንሆን ልዩነቱ ዛሬም አለ፤ መቀነሻ የሌለውን ግፊት አይፈጥርም።

ጎማው በእውነት የተፈተነው በጾም ነው። ወተት ሲቆም ማኪያቶው ይቀርና ሰዉ ወደ ሻይ ይዞራል፤ ሻይ ማለት ደግሞ ከማሽኑ የፈላ ውኃ መቅዳት ነው። ቦይለሩ በጎደለ ቁጥር በኤሌክትሪክ የሚሠራው ቫልቭ፣ ሶለኖይዱ፣ ከፍቶ ይሞላል፣ ሲሞላ ጠቅ ብሎ ይዘጋል። የሚሮጥ ውኃ በድንገት ሲዘጋበት ተመልሶ ጎማውን ይመታዋል። የድሮው በዚያች ቅጽበት ሲዘል በዐይን ይታይ ነበር። በፍልሰታ ጊዜ እጄን አዲሱ ላይ አስደግፌ ሻይ እያስቀዳሁ ሞከርኩት፤ ትንሽ ንዝረት እንጂ ዝላይ የለም። ከዚህ ውስጥ ስንቱ የጎማው ስንቱ የመቀነሻው እንደሆነ መለየት አይቻልም፣ አብረው ስለገቡ። በክረምት የአዋሽ ውኃ ሲደፈርስ ማጣሪያው ቶሎ ቶሎ ጠቆረ፤ ጎማውን ግን የሚመለከተው አልነበረም።

ቅሬታ የለኝም ማለት አይደለም። መጀመሪያ ላይ ውኃው ጎማ ጎማ ይሸት ነበር፤ ባልዲ በባልዲ አፍስሰን ነው የለቀቀው፣ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ቡና ለደንበኛ ባታቀርቡበት ይሻላል። ከዚያ ደግሞ ድርቅናው፤ አጥብቃችሁ ካጎበጣችሁት አንገቱ ይጎዳል፣ ስለዚህ ሰፊ ዙር ይፈልጋል፣ ጠባብ ባንኮኒ ላለው ሰው ይኼ ጣጣ ነው። ሻጩ የዋስትና ወረቀት ብሎ የሰጠው ነገርም ከደረሰኝ የዘለለ አይደለም።

ማታ ማሽኑ ሲጠፋ የመግቢያውም ቫልቭ ይዘጋል፤ ጎማው የከተማው ግፊት ሳይደርስበት ያድራል። ይህን ለማድረግ ያሰበ ሰው አንድ ነገር ልብ ይበል፤ ማሽኑ በርቶ የሚያድርበት ቤት ከሆነ ቫልቩ አይዘጋ። ቦይለሩ ውኃ ሲጠይቅ ፓምፑ ደረቁን ይሽከረከራል፣ የዚህ ዓይነት ፓምፕ ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ ይበላል። እኛ ጋ የማሽኑ ማብሪያ ላይ «መጀመሪያ ውኃ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል።

የቀረው ከማጣሪያው ወደ ማለስለሻው የሚሄደው ጎማ ነው። እሱ ገና የድሮው ነው፤ ዳዶው ላይ አረንጓዴ ነገር ማውጣት ጀምሯል፣ ሶፍት ሲጠቀለልበት ግን እስካሁን ደረቅ ነው። ማኪያቶው ተመልሶ ማሽኑ ሥራ ሳይበዛበት፣ ከፋሲካ በፊት ይቀየራል። የእሱ ሁለቱም ጫፍ ግማሽ ኢንች ስለሆነ ከአዲስ አበባ ማስመጣት አያስፈልግም፤ ፖስታ ቤት አካባቢ ካሉት ሱቆች በአንዱ ነሐስ ዳዶ ያለው አይቻለሁ።