የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በጅማ ሚዛን

ከጅማ ተነስቶ አየር ጤና የወረደ መንገደኛ መሀል አዲስ አበባ ለመግባት ሁለት መንገድ አለው፦ እስከ መጨረሻው በሚኒባስ ታክሲ መሄድ፣ ወይም በታክሲ ጦር ኃይሎች ደርሶ ቀሪውን በቀላል ባቡር መጨረስ። ሁለተኛው ይሻላል። ጦር ኃይሎች የምሥራቅ–ምዕራቡ መስመር ጫፍ ስለሆነ መቀመጫ የማግኘት ዕድሉ ሰፊ ነው። የባቡሩ በር ከፌርማታው ጋር እኩል ስለሆነ ሻንጣም ሆነ ቡና የሞላ ማዳበሪያ መጎተት አያስቸግርም። ትኬቱን ሳይሳፈሩ በፊት መቁረጥ ያስፈልጋል። ወደ ቃሊቲ የሚሄድ ሰው ሁለቱ መስመሮች ከሚጋሯቸው አምስት ፌርማታዎች (ልደታ፣ ተግባረ ዕድ፣ ሜክሲኮ፣ ለገሐር፣ ስታዲየም) በአንዱ ወርዶ ይቀይራል። ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ ግን ዕቃ ይዞ አለመሞከር ነው፤ ሰው ሰው ላይ ይቆማል።

በጅማ የትራንስፖርት ነገር ሲነሳ «ለእኛም ባቡር ቢገባልን» የሚል አይጠፋም። ስለዚህ ባቡሩን እንደ ተሳፋሪ ብቻ ሳይሆን እንደ ገዢም መመዘን ይገባል።

ለግንባታው ፍጥነት ከ10 ዘጠኝ እንሰጠዋለን። በ2004 ዓ.ም. የተጀመረ ሥራ መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. የመጀመሪያ መስመሩን ከፈተ፣ ሁለተኛው በወራት ውስጥ ተከተለ። 34 ኪሎ ሜትር ገደማ ሐዲድ፣ 39 ፌርማታ፣ ከአራት ዓመት ባነሰ ጊዜ! ለፍጥነቱ ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከ475 ሚሊዮን ዶላር ወጪው 85 በመቶው ከቻይና ኤክስፖርት–ኢምፖርት ባንክ በአንድ ብድር መጣ፤ ዲዛይኑንም ግንባታውንም አንድ የቻይና ኮንትራክተር ያዘ፤ ሐዲዱ በአብዛኛው የተዘረጋው ነባሩ ዋና መንገድ መሀል ላይ ስለነበር የወሰን ማስከበሩ ሥራ ሰፈር ለሰፈር ከሚቆርጥ አዲስ መስመር ቀለለ። ለዚህም ዋጋ ተከፍሏል፤ አጥሩ መንገዱን ለሁለት ስለከፈለው እግረኛ ለመሻገር ሩቅ ይዞራል።

ለአገልግሎቱ ግን ከ10 አራት። የተገዙት ባቡሮች 41 ናቸው። በመለዋወጫ እጦት አብዛኞቹ ዲፖ (ማደሪያና መጠገኛ ግቢያቸው) ሲቆሙ ምን እንደሚፈጠር ለማየት ቀላል ስሌት ይበቃል። አንዱ መስመር 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ቢሆን፣ ደርሶ መልሱ ከጫፍ ቆይታው ጋር ሁለት ሰዓት ይወስዳል። በየ6 ደቂቃው ባቡር እንዲመጣ 20 ባቡር ይፈለጋል፤ ለሁለት መስመር 40። በአንድ መስመር ስድስት ብቻ ሲቀሩ ጥበቃው 20 ደቂቃ ይሆናል፣ የመጣውም ጢም ብሎ ይመጣል። ተሳፋሪው ወደ ታክሲ ይመለሳል፣ ገቢው ይቀንሳል፣ ለመለዋወጫ የሚሆነው ገንዘብ የባሰ ይጠፋል።

«የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» ማለት ግን አይገባም። ችኮላው አልነበረም ጥፋቱ። ብድሩ በዶላር፣ መለዋወጫው በዶላር፣ ገቢው በብር መሆኑ ነው። ሲጀመር ታሪፉ ከ2 እስከ 6 ብር፣ ዶላሩ 21 ብር አካባቢ ነበር፤ የ4 ብር ትኬት 19 የአሜሪካ ሳንቲም ያህል ያወጣ ነበር። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ዶላር ከ100 ብር አለፈ፤ ያው 4 ብር ከ4 ሳንቲም በታች ወረደ። የጎማ ጎማ አይደለም እንግዲህ፤ የብረት ጎማ ኩርባ ላይ ሲበላ በማሽን ይስተካከላል፣ ሲያልቅ ይቀየራል፣ የሚቀየረውን ደግሞ ጅማ ቀርቶ መርካቶም አይሸጠውም።

ገንዘቡን ቀድሞ የማግኘት ሌላ ዘዴም አለ። ሎስ አንጀለስ እ.ኤ.አ. በ2008 ሕዝቡ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ለ30 ዓመት የሚቆይ፣ በአንድ ዶላር ግዢ ላይ የግማሽ ሳንቲም የሽያጭ ታክስ አጸደቀ። ከዚያ ከንቲባው «የ30 ዓመቱን ሥራ በ10 ዓመት እንጨርስ» የሚል ዕቅድ አመጡ፤ ነገ የሚሰበሰበውን ታክስ መያዣ አድርጎ ዛሬ ከፌዴራሉ መንግሥት መበደር። ምክንያቱን ለጅማ ነጋዴ ማስረዳት አያሻም። የግንባታ ዋጋ በዓመት 10 በመቶ ቢጨምር፣ ዛሬ 100 ሚሊዮን ብር የሚፈጅ ሥራ ከሰባት ዓመት በኋላ ወደ 195 ሚሊዮን ይጠጋል፤ ከዚህ ያነሰ ወለድ ከተገኘ መበደር ያዋጣል። ከአዲስ አበባው የሚለየው ገቢው ቀድሞ መታወቁና ታክሱም ብድሩም በአንድ ገንዘብ መሆናቸው ነው። እዚያም ቢሆን ገንዘብ ሁሉን አላፈጠነም። ክሬንሾ የተባለው መስመር የ546 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የፌዴራል ብድር አግኝቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ይከፈታል ተብሎ፣ የተከፈተው በኦክቶበር 2022 ነው።

እንግዲህ ጅማ ምን ትግዛ? ባቡር አትግዛ። አውቶቡስ፣ ያውም እዚሁ ጋራዥ የሚፈታ። ከዩኒቨርሲቲው ዋና ግቢ በጅማው መርካቶ አልፎ የዩኒቨርሲቲው የቴክኖሎጂ ግቢ ኪቶ ፉርዲሳ የሚደርስ መስመር ለስሌት 8 ኪሎ ሜትር እንያዝለት። በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር ቢሄድ አንድ ጉዞ 30 ደቂቃ፣ በየጫፉ 5 ደቂቃ ዕረፍት፣ ዙሩ 70 ደቂቃ። በየ10 ደቂቃው እንዲመጣ 7 አውቶቡስ፣ ለጥገና 2 መጠባበቂያ፣ በድምሩ 9። እያንዳንዱ 60 ሰው ቢይዝ በአንድ አቅጣጫ በሰዓት 360 ሰው ነው፤ ያንኑ በሦስት ሰው ባጃጅ ለማድረስ በየ30 ሴኮንዱ አንድ ባጃጅ ማለፍ አለበት። ባጃጁን ማባረር ግን ስህተት ነው። ታፔላው ወደ ውስጥ ሰፈሮች ተቀይሮ በኮብልስቶኑ ሰው እየለቀመ ፌርማታ ያድርስ።

አውቶቡሱ በቀን 12 ዙር ቢሠራ 192 ኪሎ ሜትር፣ በዓመት ወደ 60 ሺህ ይሆናል። በየ10 ሺህው ዘይትና ፊልትሮ፤ ሲቆምና ሲነሳ ለሚውል መኪና የፍሬን ሸራ በዓመት ሁለት ጊዜ ያልቃል ብሎ መያዝ። ከግዢው ጋር የሁለት ዓመት የፍሬን ሸራ፣ የፍሪሲዮን ዲስክና ባሌስትራ በአንድ ኤልሲ (የውጭ ግዢ የባንክ ክፍያ ሰነድ) ይግባ። ለብቻው በኋላ የሚጠየቅ ምንዛሪ ወረፋው ረጅም ነው፣ አንዲት ፍሪሲዮን የምትጠብቅ መኪና ደግሞ ቶሎ የሌሎች መለዋወጫ መጋዘን ትሆናለች።

መንገዱ ላይ ሥራ የሚያዘገየው አስፋልቱ አይደለም። የውሃ ቧንቧ፣ የመብራት ምሰሶና የቴሌ መስመር ሳይነሱ ኮንትራክተር ከገባ ማሽኑ ቆሞ ይከፈለዋል፤ ካሳና ማንሳቱ ከውሉ ፊርማ በፊት ይለቅ። ጅማ ላይ ዝናቡ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፣ ብዙ ቦታም ሲረጥብ የሚያብጥ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ጭቃ አፈር አለ። ያንን ቆርጦ አውጥቶ በሰሌክት (በተመረጠ የመሙያ አፈር) ሳይተኩ የሚነጠፍ አስፋልት ክረምቱ ሲወጣ ይወዛወዛል። ቁፋሮው ከጥቅምት እስከ የካቲት ይለቅ። አውቶቡስ ፍሬን የሚይዝበት ፌርማታ ላይ ከአስፋልት ይልቅ ብረት የገባበት ኮንክሪት ይነጠፍ፤ አስፋልት እዚያ ጎማ ጎማውን ይሰረጎዳል።

የዲፖው ቦታ መጨረሻ ላይ ይወሰን የሚባል ነገር አይደለም። ዳሬሰላም እ.ኤ.አ. በ2016 ሥራ የጀመረውን 21 ኪሎ ሜትር የፈጣን አውቶቡስ መስመር ዲፖ ጃንግዋኒ ሸለቆ ውስጥ ሠራች፣ ጎርፍ በተደጋጋሚ ገብቶ አውቶቡሶቹን አበላሸ። ጅማም አዌቱ ወንዝ ዳር ያለ ክፍት ሜዳ ርካሽ መስሎ ይታያል። ዲፖው ከወንዙ የጎርፍ ልክ በላይ፣ ከመስመሩ ጫፍ በ1 ኪሎ ሜትር ውስጥ ይሁን፤ ባዶ የሚሄድ አውቶቡስ ነዳጅ ይጨርሳል እንጂ ገንዘብ አያስገባም።