«ሙሉ የጊታር መሥሪያ» ተብሎ የሚሸጠውን ዕቃ ሳትለኩ ገንዘብ አትክፈሉ

በአያት፣ በካራ፣ በጣፎና በለገጣፎ አካባቢ ለምትኖሩና የኤሌክትሪክ ጊታር በገዛ እጃችሁ ለመሥራት ለምታስቡ ሁሉ ይህን ማሳሰቢያ መጻፍ ግድ ሆኖብኛል። ከጥቂት ጊዜ ወዲህ «ሙሉ የኤሌክትሪክ ጊታር መሥሪያ» እየተባለ በቴሌግራም የሚተዋወቅና በታክሲ መያዣዎች አካባቢ እጅ በእጅ የሚሸጥ ዕቃ በርክቷል። በካርቶኑ ውስጥ ቀለም የተቀባ አካል፣ ፍሬት (ጣት ክሩን የሚጫንባቸው ቀጫጭን የብረት ዘንጎች) የተገጠመለት አንገት፣ ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ክፍል)፣ የክር መወጠሪያዎች፣ ብሪጅ (በአካሉ ላይ ያለው የክር ማረፊያ)፣ ስድስት ክርና «በስጦታ» የሚሰጥ ትንሽ አምፕሊፋየር ይገኛል። የሚጠየቅበት ዋጋ ከአዲስ የቻይና ጊታር ዋጋ ግማሽ ያህል በመሆኑ ተማሪንና ሥራ የጀመረን ወጣት በእጅጉ ያጓጓል። እኔ በትርፍ ጊዜዬ ጊታር የምሠራና የሰፈር ልጆችን ጊታር የምጠግን ሰው ነኝ፤ ገዝተው «አልቃኝ አለን» እያሉ ይዘውልኝ የመጡትን ዕቃዎች ፈትቼ ስመረምር ያገኘሁት ጉድለት ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው። በእነዚህ ዕቃዎች ላይ የቱንም ያህል ቢደከም የሚቃኝ ጊታር አይወጣቸውም።

የሻጮቹን ስም አልጠቅስም። አንድ ሰው ብቻ አይደሉም፤ የቴሌግራም ስማቸውንም በየጊዜው ይለዋውጣሉ፤ ስለዚህ ለገዢው ከስማቸው ይልቅ የዕቃውን ጉድለት ለይቶ ማወቅ ይበጀዋል።

አሻሻጡ ራሱ ጥርጣሬ ሊያሳድር ይገባል። በመጀመሪያ ቀብድ በቴሌብር ይጠየቃል፤ ቀሪው በርክክብ ጊዜ ይከፈላል፤ ርክክቡም ብዙውን ጊዜ ሲመሻሽ፣ ሰው በሚጋፋበት ታክሲ መያዣ ላይ፣ ካርቶኑ በፕላስተር እንደታሸገ ይፈጸማል። ገዢው ካርቶኑን ልክፈት ቢል «ቀለሙ ይጫርብሃል» ይባላል፤ ደረሰኝ ቢጠይቅ «ዋጋው የረከሰው ያለ ደረሰኝ ስለሆነ ነው» የሚል መልስ ይሰጠዋል። ዕቃው ደህና ቢሆን ኖሮ በቀን ብርሃን ከፍቶ ለማሳየት የሚያስፈራ ነገር አይኖርም ነበር። እንግዲያውስ ካርቶኑ በፊታችሁ ካልተከፈተ ቀሪውን ገንዘብ አትስጡ፤ ቀብዱ ቢቀር እንኳ ይቅር።

ከሁሉ አስቀድማችሁ መመርመር ያለባችሁ አንገቱን ነው። አካሉ ቢበላሽ ሌላ ሊሠራለት፣ ፒክአፑ ቢሞት ሊቀየር ይችላል፤ ፍሬቶቹ ያለ ቦታቸው የተተከሉበት አንገት ግን መላ የለውም። የፍሬት ቦታ በሒሳብ የሚወሰን ነው። ነት ከሚባለው፣ በአንገቱ ጫፍ ላይ ካለው የክር ማረፊያ፣ እስከ ብሪጁ ያለው ርዝመት ለ17.817 ሲካፈል የመጀመሪያው ፍሬት ከነቱ ያለው ርቀት ይገኛል፤ ከዚያ ፍሬት እስከ ብሪጁ የቀረው ርዝመት ለዚያው ቁጥር ሲካፈል ደግሞ የሁለተኛው፣ እንዲህ እያለ እስከ መጨረሻው ይቀጥላል። በብዙ የፌንደር ጊታሮች ይህ ጠቅላላ ርዝመት 648 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን በብዙ የጊብሰን ጊታሮች 628 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ለሽያጭ የሚቀርበው ዕቃ በአመዛኙ የፌንደርን ቅርጽ የተከተለ በመሆኑ የመጀመሪያው ፍሬት ከነቱ በ36.4 ሚሊ ሜትር ርቀት ላይ መገኘት አለበት።

ይህን ሁሉ ስሌት ታክሲ መያዣ ላይ ቆማችሁ መሥራት አያስፈልጋችሁም፤ የአናጺ ሜትር ከያዛችሁ በቂ ነው። 12ኛው ፍሬት ከነቱ እስከ ብሪጁ ባለው ርዝመት እኩሌታ ላይ፣ 7ኛው ከሞላ ጎደል ሲሶው ላይ፣ 5ኛው ደግሞ ሩቡ ላይ ይውላል። ርዝመቱ 648 ከሆነ 12ኛውን በ324፣ 7ኛውን በ216፣ 5ኛውን በ162 ሚሊ ሜትር ግድም ማግኘት አለባችሁ። ሁልጊዜም ከነቱ ጀምራችሁ ለኩ እንጂ ከአንዱ ፍሬት ወደ ሌላው አትለኩ። እኔ ባየኋቸው አንገቶች ላይ ስሕተቱ ወደ ብሪጁ በቀረበ ቁጥር እየጨመረ ይሄዳል፤ ከዚህ በመነሣት ሠሪው እያንዳንዱን ፍሬት ምልክት ያደረገው ከቀደመው ፍሬት እየለካ ይመስለኛል፤ እንዲህ ሲደረግ በየምልክቱ የምትፈጠረው ትንሽ ስሕተት በቀጣዩ ላይ እየተደመረች ትሄዳለች። በአንዱ አንገት ላይ 12ኛው ፍሬት ከቦታው 4 ሚሊ ሜትር ያህል አልፎ ተተክሎ ነበር። በዚያ አካባቢ 1 ሚሊ ሜትር ከአንድ ሴሚቶን (በሁለት ተከታታይ ፍሬቶች መካከል ካለው የድምፅ ልዩነት) 5 በመቶ በላይ ስለሚያናጋ 4 ሚሊ ሜትር የአንድ ሴሚቶን አንድ አምስተኛ ያህል መዛነፍ ያመጣል፤ ይህን ጊታር ተጫውቶ የማያውቅ ሰውም ይሰማዋል።

ለዚህ ጉድለት ሻጮቹ የተዘጋጀ መልስ አላቸው። «ብሪጁን ትንሽ ብታንቀሳቅሰው ይስተካከላል» ይላሉ። ብሪጁን ማንቀሳቀስ ጥቂት ሚሊ ሜትር ለማረም የሚያገለግል፣ በየትኛውም ጊታር ላይ የሚደረግ የመጨረሻ ማስተካከያ ነው፤ ፍሬቶቹ እርስ በርሳቸው ካልተስማሙ ግን 12ኛውን ሲያቃና 5ኛውንና 7ኛውን ያዛባል። አንደኛው ሻጭማ ለደንበኛው «የእኛ ቅኝት አምስት ድምፅ ብቻ ስለሆነ ለትዝታ ይበቃል» ብሎት እንደነበር ልጁ ነግሮኛል። በትዝታና በአምባሰል ያደገ ጆሮ የተዛነፈ ድምፅን እንዴት ቶሎ እንደሚለይ ሻጩ ራሱ ሳያውቀው የሚቀር አይመስለኝም።

አንዳንዴ ደግሞ አንገቱ ትክክል ሆኖ አካሉ የተሳሳተ ይሆናል፤ ለ628 የተሠራ አንገት የብሪጁ ቀዳዳ ለ648 በተበሳ አካል ላይ ይቀርባል። አንገቱን በመቀመጫው አስገብታችሁ ከነቱ እስከ 12ኛው ፍሬት ያለውን ርቀት ለኩና በዚያው መጠን ከ12ኛው ፍሬት ወደ ብሪጁ ለኩ፤ የብሪጁ የክር ማረፊያ ከዚያ ነጥብ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ አለፍ ብሎ ካልተገኘ ዕቃው የአንድ ጊታር አይደለም።

ስለ አንገቱ የቀረው ጉዳይ ትረስ ሮድ የሚባለው የብረት ዘንግ ነው። ስድስት የብረት ክሮች በተለመደው ውፍረትና ቅኝት ሲወጠሩ በጠቅላላው 45 ኪሎ ግራም ገደማ ጉልበት አንገቱን ይስቡታል፤ በአንገቱ ውስጥ የሚቀበረው ይህ ዘንግ ስበቱን ተቋቁሞ አንገቱ እንዳይጎብጥ ያደርጋል። በእነዚህ ዕቃዎች ላይ የማስተካከያው ቀዳዳ በአንገቱ ጫፍ ላይ በግልጽ ይታያል፤ በአንዳንዶቹ ግን ከቀዳዳው ጀርባ ምንም ብረት የለም! ፍሬት በአብዛኛው ማግኔት ከማይስበው የመዳብና የኒኬል ቅይጥ ስለሚሠራ፣ ከአሮጌ ስፒከር የወጣ ጠንካራ ማግኔት በፍሬቶቹ መካከል ስታስጠጉ የመሳብ ስሜት ከሌለው አንገቱ ባዶ እንደሆነ ጠርጥሩ።

አካሉን በተመለከተ «ዋንዛ ነው» ይላችኋል። ዋንዛ ቀላል፣ ለመሥራት የሚመች፣ ለቤት ዕቃም ለከበሮም ሲያገለግል የኖረ ግሩም እንጨት ነውና ቢሆን ደስ ባለን። እኔ የፈተሽኳቸው አካላት ግን ከፊሎቹ ገና ያልደረቀ ባሕር ዛፍ፣ ከፊሎቹ ደግሞ በወፍራም ቀለም የተሸፈነ ኤምዲኤፍ (ከደቀቀ እንጨትና ሙጫ ተጨምቆ የሚሠራ ሰሌዳ) ናቸው። ቀለሙን ሳትነኩ ማወቅ የምትችሉበት መንገድ አለ፦ የፒክአፑን መቀመጫ ጉድጓድ ውስጡን በስልክ መብራት ተመልከቱ፤ እዚያ ብዙ ጊዜ ቀለም በደንብ ስለማይደርስ የእንጨቱ ጭረት፣ የኮምፔርሳቶው ንብርብር ወይም የኤምዲኤፉ ዱቄት ቁልጭ ብሎ ይታያል። ክብደቱም ይናገራል። 45 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው የተለመደ የጊታር አካል በቀላል እንጨት ሲሠራ 2 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ እርጥብ ባሕር ዛፍ ከሆነ ግን የዚህን እጥፍ ሊጠጋ ይችላል።

የእርጥበቱ ነገር ቀላል አይደለም። የሙዚቃ መሣሪያ ሠሪዎች የሚመርጡት የእርጥበት መጠኑ ከ6 እስከ 8 በመቶ የሆነ እንጨት ነው፤ በአየር ብቻ የሚደርቅ ጣውላ ደግሞ ለእያንዳንዱ 25 ሚሊ ሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ያህል ይጠብቃል ተብሎ በልምድ ይታሰባል። በዚህ ስሌት ለጊታር አካል የሚሆን ጣውላ ሁለት ዓመት ገደማ ይፈልጋል። ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ክፉኛ የሚሸማቀቅ፣ የሚጣመምና የሚሰነጠቅ እንጨት በመሆኑ በክረምት የተገዛው አካል በበጋ የአንገቱ መቀመጫ ላይ ሲሰነጠቅ ማየት አያስገርምም። «ፀሐይ ላይ አድርቀው» የሚለውን የሻጩን ምክር ደግሞ አትስሙ፤ በአንድ በኩል ብቻ በፍጥነት የደረቀ ጣውላ ይባስ ይቆለመማል።

ፒክአፑን ለመፈተሽ መልቲሜትር ያስፈልጋል፤ ከሌላችሁ ከሬዲዮ ጠጋኝ ተዋሱ። ደህና ነጠላ ፒክአፕ ከ5 እስከ 8 ኪሎ ኦም፣ ሀምበከር የሚባለው ጥንድ ፒክአፕ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ7 ኪሎ ኦም በላይ ያሳያል። በውስጡ የሚጠመጠመው ሽቦ 0.06 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ውፍረት ያለውና ብዙ ሺህ ዙር የሚዞር በመሆኑ አንድ ቦታ ከተበጠሰ መልቲሜትሩ ምንም አያነብም። ሽፋኑ ውስጥ ከመጫወቻ ዕቃ የወጣ የድምፅ ማሰሚያ ዝርግ ብቻ ተለጥፎ ያገኘሁበት ጊዜም አለ። የድምፅ መቆጣጠሪያውም በተለምዶ 250 ወይም 500 ኪሎ ኦም መሆን ሲገባው ከአሮጌ ቴፕ የተነቀለ ባለ 10 ኪሎ ኦም ይገጠምበታል፤ ይህም ድምፁን ያደክመዋል፣ ቀጭኑንም ድምፅ ያፍነዋል። ክሮቹ ናይሎን ከሆኑ ከናካቴው አይሰማም፤ እንዲህ ያለው ፒክአፕ የሚሠራው በብረት ክር ንዝረት ነውና።

እስካሁን የተናገርኩት ሁሉ የገንዘብ ኪሳራ ነው፤ «በስጦታ» የሚሰጠው አምፕሊፋየር ግን ሕይወትን የሚመለከት ነው። የኤሌክትሪክ ጊታር ክሮች በብሪጁና በኬብሉ በኩል ከአምፕሊፋየሩ የጋራ መስመር ጋር የተገናኙ ናቸው፤ ተጫዋቹም ሙሉ ጊዜውን ክሮቹን እንደያዘ ይቆያል። ሰው ያመጣልኝን አንዱን ሳጥን ስከፍተው የ220 ቮልቱ መስመር በትራንስፎርመር ሳይለይ በቀጥታ ወደ ሰሌዳው የገባ ሆኖ አገኘሁት። ይህ ማለት መሰኪያው በአንድ አቅጣጫ ሲሰካ ምንም ላይሰማ፣ ተገልብጦ ሲሰካ ግን ክሮቹ ላይ ሙሉ የመብራት ኃይል ሊኖር ይችላል ማለት ነው። በእኛ አካባቢ ባሉ አዳዲስ ቤቶች የአርዝ መስመር ያልተዘረጋባቸው ብዙ በመሆናቸው አደጋውን የሚያስቀር ሌላ መከላከያ የለም። ይህን አምፕሊፋየር የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሳያየው ፈጽሞ አትሰኩት፤ ለታናናሾቻችሁም አትስጡ።

ታዲያ ጊታር መሥራት የሚፈልግ ሰው ምን ያድርግ? በእኔ አስተያየት አንገቱን፣ ፒክአፑንና መወጠሪያዎቹን አካሉ ከተሰበረ የፋብሪካ ጊታር መግዛትና አካሉን ብቻ በገዛ እጅ መሥራት ከሁሉ ይሻላል፤ ፍሬቶቹ በማሽን ስለተተከሉ ከባዱ ክፍል ተጠናቅቆ ይገኛል። ለአካሉ ደግሞ አዲስ ጣውላ ከመፈለግ የአሮጌ አልጋ ወይም በር ዋንዛ መግዛት ይመረጣል፤ እንዲህ ያለው እንጨት በቤት ውስጥ ለብዙ ዓመታት ደርቋል። የኩዊን ባንድ ጊታር ተጫዋች ብራያን ሜይ በ1963 እ.ኤ.አ. ከአባቱ ጋር ሆኖ መሥራት የጀመረውና ዕድሜውን ሙሉ የተጫወተበት ጊታር አንገት የተጠረበው ከአሮጌ የእሳት ምድጃ እንጨት ነበር። ወጪው ከካርቶኑ ዋጋ ብዙም አይበልጥም፤ ቢበልጥም የሚቃኝ ጊታር ይገኝበታል።

ዕቃውን አስቀድማችሁ የገዛችሁ ብትኖሩ ምንም ነገር ከመቁረጣችሁ፣ ከመፋቃችሁ ወይም ቀለም ከመጨመራችሁ በፊት የፍሬቶቹን ልክ ከሜትሩ ጋር፣ የፒክአፑንም ንባብ ከመልቲሜትሩ ጋር ፎቶ አንሡ፤ የቴሌብር የክፍያ መልእክቱንና ከሻጩ ጋር የተጻጻፋችሁትን አታጥፉ። በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀናት ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ተደንግጓል፤ ስለዚህ ጥያቄውን በጽሑፍ ለሻጩ ወዲያውኑ ላኩ፤ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ቢላችሁ ያንኑ መልስ ከማስረጃው ጋር ይዛችሁ በየአካባቢያችሁ ወዳለው የንግድ ጽሕፈት ቤት ሂዱ። ደረሰኝ አለመስጠቱንም ለብቻው ጠቅሳችሁ አመልክቱ፤ ደረሰኝ መስጠት የነጋዴው ግዴታ ነው።