የጊዛ ሙዳይ ልትገዙ ነው? የሚነቀንቀው ወይስ ዝም ብሎ የሚውጠው?

ቤቴ የመጣ ሰው ሁሉ መደርደሪያዬን ያይና "ለእኔም አንድ ፈልግልኝ" ይለኛል። ከመቶ ዓመት በፊት አሜሪካ ውስጥ ለልጆች የተሠሩ የሳንቲም ማጠራቀሚያዎች ናቸው፤ ከጊዛ፣ ማለትም ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ ከሚፈስ ብረት። አንደኛው ዓይነት ሳንቲም ሲሰጡት ይንቀሳቀሳል። ሌላው ዝም ብሎ ይውጣል። ዝም የሚለውን ግዙ። ምክንያቴ 180 ዶላሬ ነው።

ሜሪላንድ ውስጥ አንድ የእሁድ ገበያ ላይ ታማኒ የሚባለውን የሚንቀሳቀስ ሙዳይ አገኘሁት። ወንበር ላይ የተቀመጠ ቦርጫም ሰውዬ ነው። እጁ ላይ ሳንቲም ስታስቀምጡለት ኪሱ ይከተዋል፣ ከዚያ አንገቱን ነቅነቅ ያደርጋል። የኒውዮርክን ጉቦኛ ፖለቲከኞች ለማሽሟጠጥ የተሠራ፣ በ1873 ፓተንት የወጣለት፣ ክሮምዌል ኮነቲከት የነበረው የስቲቨንስ ፋብሪካ ሥራ። ሻጩ 240 ብሎ ጀመረ። ተከራክሬ በ180 ወሰድኩት። ያተረፍኩ መስሎኝ ነበር።

ቤት ገብቼ ገለበጥኩት። ብሎኑ የመስቀል ካቻቢቴ የሚፈልግ ነው! እንዲህ ያለ ብሎን የመጣው በ1930ዎቹ ነው። ብሎን ይቀየራል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ጥፍሬን መጋጠሚያው ላይ ሰደድኩ፤ ገባ። በድሮው ሥራ ሁለቱ ግማሾች ግጥም ያሉ ናቸው፣ ገላውም ልስልስ ነው። የእኔው የብርጭቆ ወረቀት ይመስላል። ዝገቱን ስነካው ብርቱካናማ ዱቄት ጣቴ ላይ ቀረ። የቆየ ዝገት ጠቆር ያለ ቡናማ ነው፤ እንዲህ አይራገፍም። ማግኔት ይዛችሁ አትድከሙ፣ ፎርጅዱም ብረት ነው።

አንድ ነገር ግን ያዙ፦ ሜትር። ኮፒ አድራጊው ኦሪጅናሉን አሸዋ ውስጥ ከትቶ ቅርጹን ይወስዳል። የቀለጠ ጊዛ ሲቀዘቅዝ ደግሞ 1 በመቶ ያህል ይኮማተራል። ስለዚህ 15 ሳንቲ ሜትር የሚሆነው ዕቃ በ1.5 ሚሊ ሜትር ግድም ያጥራል።

በሳምንቱ ያንኑ ኮፒ ሌላ ጠረጴዛ ላይ 25 ዶላር ተለጥፎበት አየሁት።

ዝም የሚሉትም ኮፒ አላቸው፣ አልዋሽም። ግን ራቬና ኦሃዮ የነበረው ኤ ሲ ዊሊያምስ በርካሽ ሱቆች እንዲሸጡ በብዛት ያመረታቸው ስለሆኑ ኦሪጅናሉ ራሱ ይገኛል። አንበሳዬን በ45፣ ዝሆኔን በ60 ዶላር ገዛሁ። ብትሸወዱ እንኳ የምትሸወዱት የአንድ እራት ሒሳብ ነው። ደህና ቀለም ያለው ታማኒ ብዙ መቶ ዶላር ይጠራበታል፤ ብርቅ የሆኑት የሚንቀሳቀሱት አሥር ሺዎች ያወጣሉ።

ጥገናው ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ጊዛ ሲወድቅ አይጣመምም፣ ይሰበራል። የአንድ ወዳጄ ታማኒ እጁ ተሰብሮ በያጁ 80 ዶላር ጠየቀው። ከፈለ። እጁ ተቀጠለ፣ ቀለሙ ግን በእሳቱ ዙሪያውን ተቃጠለ፣ ዋጋውም አብሮ ወረደ። አንበሳው ላይ የሚሰበር እጅ የለም። ሁለት ግማሽና አንድ ብሎን ነው። ብሎኑ ከዛገ በጉልበት አትፍቱት፤ ዘይት ጠብ አድርጉበትና እስከ ነገ ተዉት።

ቀለም ግን እንዳትቀቡ። ባለፈው አንዷ ጓደኛችን አንበሳዋን በወርቅማ ስፕሬይ አሳምራ ፎቶ ላከችልኝ። "አሁን ስንት ያወጣል?" አለችኝ። እስካሁን አልመለስኩላትም።